ለ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የትኛውን ዳይ ልግዛ?

የምኖረው ቴክሳስ ነው። ለዒላማ ልምምድ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ራሴ መልሼ መሙላት ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ። ያለኝ ያገለገለ ባለ 3 የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) ዳይ ስብስብ ነው፤ ዳይ ማለት ጥይት ሲሞላ ቀልሃውን ቅርጽ የሚያስይዝ ወይም አረሩን የሚተክል መሣሪያ ነው። ቀልሃውን ያለ ቅባት ስለሚያጠብልኝ ወድጄዋለሁ።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። በቀደም ከሞላኋቸው 50 ጥይቶች 11ዱ አልገባ አሉኝ። በርሜሉን ፈትቼ አንድ በአንድ ስጥላቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ። አረሩ እንዲገባ የከፈትኩት የቀልሃ አፍ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ በጥፍሬ ስዳብሰው ጠርዙ ይይዘኛል። አረር መትከያውን ዳይ ዝቅ አድርጌ በዚያው ልዘጋው ሞከርኩ፤ አረሩን ፋቀው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በርሜል ውስጥ የሚቆመው በቀልሃው አፍ ጠርዝ ስለሆነ፣ አፉን ወደ ውስጥ መጠቅለልም አያዋጣም። ከ11ዱ አንዱንም አልተኮስኩም።

አፍ ብቻ የሚያጠብ 4ኛ ዳይ ልጨምርበት ወይስ ሙሉውን ባለ 4 ልግዛ?