«ፀደይ» መቼ ነው? ሰው «ታደሰ» ስንልስ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የትንሣኤ መጽሔት አጭር ጽሑፍ ጀምሬ ነበር፤ መነሻው «በፀደይ ልቤ ታደሰ» ይላል። አራሚው «ፀደይ እኮ መስከረም ነው፣ አደይ አበባው የታለ?» ብሎ ሰረዘብኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ «ታደሰ» ትንሽ የመጽሐፍ መጽሐፍ አይልም? ሰው ሲለወጥ ቤት ውስጥ ምን እንላለን?

የአንኮበሩ፦ አራሚህ ብዙ ሰው የሚለውን ነው ያለው፤ አቆጣጠሩ ግን አይደግፈውም። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ (ሐጋይ) እስከ መጋቢት 25 ይዘልቃል። ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን ሰኔ 25 ይወጣል። አደይ የሚፈነዳው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ጾመ ጽጌም የሚገባው በመፀው መባቻ ነው። መስከረምን «ፀደይ» ያልነው የፈረንጁን የአበባ ወቅት በስሜት ስንተረጉም ይመስለኛል። ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም። ስለዚህ ለትንሣኤ ጽሑፍ ፀደይ ማለትህ ልክ ነው፤ አታስሰርዝ።

መንዜ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን በእኛ በኩል ፀደይ የሚል ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ነው። በልግ ነው የሚባለው። በየካቲት በመጋቢት ጠብ ካለ ገብሱ ይዘራል፣ ፋሲካ ሲደርስ ማሳው ይለመልማል። በልጉ ከከዳ ግን ያው ደረቅ ጓል ነው። ደጋው ላይ ወቅቱ የተስፋም የስጋትም ነው። ጽሑፍህ ውስጥ አበባ ብቻ ባትበትን ደስ ይለኛል።

ዲያቆኑ፦ ልምላሜ ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። ቀዳም ሥዑር ሌላው ስሟ «ለምለም ቅዳሜ» ነው። ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑ እንደ ቀለበት ጠምዝዞ ግንባሩ ላይ ያስራል። ርግቧ ለኖኅ ካመጣችው ቅጠል ጋር ይያያዛል፣ የጥፋት ውኃው መጉደሉን ያበሠረችበት ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ ለከረመ ሰው ያች ቄጤማ መታደስን ያለ ብዙ ቃል ትነግረዋለች።

መምህርት (ደብረ ሲና)፦ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ፤ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ቤት ውስጥ «ልብ ገዛ» እንላለን። «አደብ ገዛ» የሚለው ይቀርበዋል፣ ግን አንድ አይደሉም። ልጁ ከመጠጥ ቤት መዋል ቀርቶ ቤቱ ቢቀመጥ «አደብ ገዛ» ነው፤ አባቱን ፈርቶም ሊሆን ይችላል። «ልብ ገዛ» ግን ማንም ሳይቆጣው ራሱ አስቦ ሲመለስ ነው። «ሰው ወጣው» ደግሞ የተመልካች ፍርድ ነው፤ ተስፋ የቆረጥንበት ልጅ ሲያስደንቀን እንለዋለን። «ሰው ሆነ» ላይ ተጠንቀቅ፣ ብዙ ጊዜ ሥራ ያዘ፣ ቤት ሠራ ለማለት ነው የሚያገለግለው፤ ልቡ ባለበት ሊሆን ይችላል። «ንስሐ ገባ» በቁሙ ንስሐ አባት ፊት የሚፈጸም ነው። በጨዋታ ግን «ከሲጋራ ንስሐ ገባሁ» ሲባልም ትሰማለህ፣ እኔ በመጽሔት ላይ አልጽፈውም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ቢሆንስ፦ «በልጉ በዘነበበት፣ በለምለም ቅዳሜ፣ እኔም ልብ ገዛሁ»?

መምህርት፦ ስለ ራስህ «ልብ ገዛሁ» ማለት ጉራ ይመስልብሃል እኮ! ይህን ሌላ ሰው ሲልልህ ነው የሚያምረው። «ልብ እንድገዛ ረዳኝ» በለውና ባለቤቱን ለእግዚአብሔር ተውለት።

የአንኮበሩ፦ ተስማምቻለሁ። «ፀደይ»ንም ከጽሑፍህ አታውጣት፤ አራሚህ ከጠየቀ መጋቢት 26ን አሳየው።