የበቆሎ ቆረቆንዳ ብሪኬት ለምን ይፈረካከሳል?

ሰላም ጓዶች፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና አገዳ ፈጭቼ በእጅ መጭመቂያ ብሪኬት (ተጨምቆ የሚሰራ ማገዶ) እየሰራሁ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይፈረካከሳል፣ ሲነድ ደሞ ጭሱ አያስቀምጥም። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ 1፦ ሳታከስለው ነው መሰለኝ የጨመቅከው። መጀመሪያ ክዳን ባለው በርሜል አየር አሳንሰህ አክስለው፣ ያ የሚያስለቅስህ ጭስ አብዛኛው እዛው ይወጣልሃል፣ ግን እወቀው ከክብደቱ የሚተርፍህ ሩብ ወይ ሲሶ ቢሆን ነው። ከዛ በደንብ አድርቀው፣ እርጥብ ከሆነ እሳቱ ውሃ ሲያተን ነው የሚውለው።

መልስ 2፦ የሚፈረካከሰው ማጣበቂያ ስለሌለው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለ ማጣበቂያ የሚሰሩት ማሽኑ በሙቀትና በከባድ ግፊት ተክሉ ውስጥ ያለውን ሊግኒን (የተፈጥሮ ሙጫ በለው) አለስልሶ ስለሚያጣብቀው ነው፣ በእጅ ግፊት ያ አይታሰብም። ስታርች በፈላ ውሃ አብስለህ ቀላቅል። ሸክላ አፈርም ይይዛል ግን አይነድም፣ አመድ ብቻ ነው የሚጨምርብህ (ሞክሬ ተቃጥያለሁ 😅)

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ! የሩዝ ገለባስ ብጨምርበት?

መልስ 2፦ አገዳው ይሻልሃል። የሩዝ ቅርፊት ከሆነ ያሰብከው ወደ 20% የሚጠጋው አመድ ነው፣ ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው የማይነድ ማዕድን) ስለሚበዛበት፣ ምድጃ ስትጠርግ ነው የምትውለው።