የጂም አሰልጣኝ ለደንበኛው የምግብ ዝርዝር ማዘዝ ይገባዋልን?

የክርክሩ አንሺ፣ ድሬዳዋ፦
አጎቴ ለስኳር ሕመማቸው ግሊቤንክላማይድ የተባለ የደም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ይወስዳሉ። ቦርጫቸውን ለመቀነስ አንድ ጂም በተመዘገቡ በሁለተኛው ሳምንት፣ አሰልጣኛቸው እራት እንዲያስቀሩና እንጀራ እንዲተዉ የሚያዝ ዝርዝር በቴሌግራም ላከላቸው። ኪኒናቸውን እንደ ወትሮው እየዋጡ ምግቡን ብቻ በመቀነሳቸው፣ አንድ ሌሊት ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አገኘናቸው፤ ስኳር በጥብጠን ካጠጣናቸው በኋላ ሐኪም ቤት ወስደናቸው እዚያው አደርን። አሰልጣኙ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት አለው። ያ ወረቀት ስለ ምግብ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል? በእኔ እምነት አይሰጠውም።

አሰልጣኝ፣ ከዚራ፦
በአጎትዎ ላይ በደረሰው አዝኛለሁ። ሆኖም ስለ ምግብ ጨርሶ አትናገሩ ከተባልን ሥራችን ግማሽ ይሆናል። በድሬ ሙቀት ቀኑን በበርጫ አሳልፎ፣ ምሳውን ሳይቀምስ አመሻሽ ላይ ብረት ሊያነሳ የሚመጣ ወጣት አለ፤ ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ የሚነግረው ከእኔ ሌላ ማን ነው? «አስቀድመህ ብላ፣ ውኃ ጠጣ፣ ዛሬ ከባድ አናነሳም» ማለቴ ሕክምና አይደለም። ፕሮቲንም ቢሆን ሂሳቡ የታወቀ ነው፦ ለጤናማ ሰው በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ሲመከር፣ አዘውትሮ ክብደት ለሚያነሳ ከ1.4 እስከ 2 ግራም ይባላል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሠልጣኝ ከ98 እስከ 140 ግራም ይደርሳል ማለት ነው፤ ከፉል፣ ከእንቁላልና ከግመል ወተት እንዴት እንደሚሞላው ብነግረው ጥፋቱ ምንድን ነው?

የጤና ባለሙያ፣ ሐረር፦
ጥፋቱ 140 ግራሙን የሚነገረው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቁ ላይ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊትን ለዓመታት ያለ ምንም ስሜት ሊያደክሙት ይችላሉ፤ ኩላሊቱ ለተዳከመና ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላልጀመረ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚመከረው ያው 0.8 ግራም ነው። ስለ ሰርተፊኬቱም መልሱ ከሰጪዎቹ ዘንድ ይገኛል። ኤ ሲ ኢ የተባለው የአሜሪካ ተቋም አሰልጣኞችን 150 ጥያቄዎች ባሉት፣ 3 ሰዓት በሚፈጅ ፈተና ይመዝናል፤ ያለፈውም አሰልጣኝ ለሕዝብ የታተመ የአመጋገብ መመሪያን ማስረዳት እንደሚችል፣ ለግለሰብ ምግብም ሆነ እንደ ፕሮቲን ፓውደር ያለ ማሟያ ማዘዝ ግን ከሥራ ድርሻው ውጭ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለው መመሪያ በአገራችንም አለ፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውን ከፍተው ቢያስረዱ ማንም አይከለክልዎትም። የበርጫውን ምክርዎን ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እኛ በምርመራ ክፍል ብዙ ጊዜ ሳንጠይቀው የሚያልፍ ነገር ነው።

ሠልጣኝ፣ ድሬዳዋ፦
ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ሂዱ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሐኪም የማየው ስታመም ብቻ ሲሆን አሰልጣኜን በሳምንት አራት ቀን አየዋለሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ፕሮቲን ፓውደር ያስፈልግሃል የሚለኝም፣ ጣሳውን ከመደርደሪያው አውርዶ የሚሸጥልኝም እርሱ ነው።

አሰልጣኝ፣ ከዚራ፦
እኔም እሸጣለሁ፤ አልዋሽም። ከኪራዩ ጥቂቱን የሚሸፍነው እርሱ ነው። በሽታ ላለበት ሰው ዝርዝር መጻፍ እንደማይገባን እቀበላለሁ፤ ለጤነኛው ግን የግራም ሂሳብ መንገር ማዘዝ ነው በሚለው አሁንም አልስማማም።

የጤና ባለሙያ፣ ሐረር፦
ጤነኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ? በመመዝገቢያ ቅጽዎ ላይ የሚወሰድ መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ አለ?

አሰልጣኝ፣ ከዚራ፦
የለም። «ሕመም አለብዎት?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ እርሱንም አብዛኛው ሰው «የለብኝም» ብሎ ያልፈዋል።

የክርክሩ አንሺ፣ ድሬዳዋ፦
ይህን ካነበብኩ በኋላ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ኪኒኑን እስከ ወሰድኩ ድረስ ምን ሕመም አለብኝ?» አሉኝ፤ እርሳቸውም «የለብኝም» ብለው ነው የፈረሙት።