የበሶብላና የኮሰረት ማስጫ ከአሮጌ ዕቃ እንዴት ልሥራ? (ጅማ ነኝ)

ጓሮዬ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ኮቺ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ናናና ጤና አዳም አለኝ። ዘንድሮ የበርበሬና የቅቤ ቅመም ከገበያ መግዛት ትቼ ራሴ ላድርቅ ብያለሁ። ችግሩ እዚህ ዝናቡ መች ፋታ ይሰጣል! በሰፌድ ሳሰጣው ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ገለጥ ሳደርገው ከስር ጠቁሮ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አዲስ ነገር መግዛት አልፈልግም። ቤት ያለው መስታወታቸው የወለቀ ሁለት የመስኮት ፍሬሞች፣ ያረጀ አጎበር፣ የሽቦ ልብስ መስቀያዎችና አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ነው። ለቆራሌው ከመስጠቴ በፊት ከነዚህ ምን ይወጣል? የትስ ላስቀምጠው፣ በረንዳ ወይስ ማድቤት?

የቡና ልጅ
እህቴ፣ መልሱ እኮ ደጅሽ ነው። ወደ ጎማ ወይ ወደ ማና ስትሄጂ የቡና ማድረቂያ አልጋ አላየሽም? ገበሬው ቡናውን መሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ ከፍ አድርጎ ሽቦ ላይ የሚያሰጣው አየር ከላይም ከስርም እንዲያገኘው ነው። ሰፌድ ጥቅጥቅ ተደርጎ ስለሚሰፋ ከስር አየር አያስገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። የጅማ ችግር የፀሐይ ማነስ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልበት አገር ነው፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ስለዚህ ሥራሽ ሁሉ አየር ማዘዋወር ላይ ይሁን።

እንዲህ አድርጊ። ጠረጴዛውን ገልብጪው፣ እግሮቹ ወደ ላይ ይቆማሉ። በተሰበረው እግር ቦታ ወፍራም ዱላ ምቺበት። ከዚያ በእግሮቹ ላይ አግዳሚ እንጨት በሲባጎ እሰሪና ፍሬሞቹን እንደ መደርደሪያ አስቀምጪባቸው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር፣ የታችኛውም ከጠረጴዛው ገጽ እንደዚያው ከፍ ይበል።

ጤና ጣቢያ ሰፈር
አጎበሩን ተይው! ለወባ የሚታደለው አጎበር በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ነው። አሮጌ ስለሆነ አልቆለታል አይባልም። የሚበላ ነገር ላዩ ላይ አይሰጣም። አጥቤ ልጠቀምበት ብለሽም አዌቱ ወንዝ ይዘሽ እንዳትወርጂ፣ መድኃኒቱ ለዓሣ መርዝ ነው። በምትኩ ንጹሕ ስስ መጋረጃ ወይም ሻሽ ወጥሪበት።

ጓሮዬ
ውይ፣ ልወጥረው ነበር እኮ! ስስ መጋረጃ አለኝ፣ በምን ላያይዘው?

አናጺው
በትንንሽ ሚስማር። ጨርቁን መጀመሪያ አንዱ ጎን ላይ ምቺ፣ ከዚያ ተቃራኒውን እየሳብሽ። ጥግ ጥጉን መጨረሻ። ከላላ መሐሉ ይረግብና ቅጠሉ እዚያው ይከመራል። የሽቦ ወንፊት ካገኘሽ ይበልጥ ይጠነክራል፣ የዛገ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።

ፍሬሙ ቀለም አለው? ከተላጠ ተጠንቀቂ። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊው፣ አቧራው ነው ጠንቁ። ቀለሙ እየረገፈ ከሆነ ፍሬሙን ለቆራሌው ስጪና አራት የባሕር ዛፍ ጣውላ ግጠሚ፣ ያው ነው።

እማማ ጓዳ
ልጄ፣ እኔ ደግሞ ስለ ቅጠሉ ልንገርሽ። ሁሉንም አንድ ላይ አታስጪ። ጦስኝና ኮሰረት ቶሎ ይደርቃሉ፣ ብዙ አያስቸግሩም። በሶብላና ናና ቅጠላቸው ውሃ የያዘ ነው፣ የሚጠቁሩትም እነሱ ናቸው። በሶብላውን ከነአበባው ቁረጪ፤ ለሽሮና ለበርበሬ ሽታው ያለው እዚያ ነው። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን። ካጠብሽው ውሃው ጠፈፍ እስኪል ጠብቂ። ስታሰጪ ቅጠል በቅጠል ላይ አይደራረብ፣ በቀን አንዴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጊው።

በረንዳ ጥላው ላይ ይሻላል። የቀትር ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ይወስደዋል፣ ገለባ ነው የሚቀርሽ። ማድቤት ጭስ ስላለ ቅመሙ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል (ሽሮውን አስቢው እንግዲህ)። ማታ ማታ ግን ወደ ቤት አስገቢው፣ የሌሊቱ እርጥበት ቀን የደረቀውን ይመልሰዋል። የሽቦ መስቀያዎቹን አትጣያቸው። በሶብላውን በትንሽ በትንሹ እሰሪና አናቱን ወደ ታች አድርገሽ ስቀይባቸው። እስሩ አይወፍር፣ መሐሉ ይሻግታል።

ጓሮዬ
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ክረምት ላይ ለቀናት ካልደረቀስ? ክፍል ዘግቼ ከሰል ባነድስ?

ጤና ጣቢያ ሰፈር
በጭራሽ! የታፈነ ከሰል ሰው ይገድላል፣ ለቅጠል ብለሽ ራስሽን አትጪ። ቬንቲሌተር ካለሽ ከጎን በቀስታ ይንፈስበት። ኦቨን ካለሽ 40 ዲግሪ አካባቢ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ፤ ከዚያ ካለፈ ሽታው ይበናል።

የቡና ልጅ
ባይሆን ዋናውን ምርት ከኅዳር እስከ ጥር አድርጊው፣ ሰማዩ ያኔ ይሻላል። ክረምት ላይ ለጥቂት ቀን የሚሆንሽን ብቻ ቁረጪ። ጉንዳን ከመጣብሽ ደግሞ ጠረጴዛውን አራት ድንጋይ ላይ አስቀምጪና እያንዳንዱን ድንጋይ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ።

ጓሮዬ
በቃ፣ ቅዳሜ እጀምራለሁ። መድረቁን በምን ልወቅ?

እማማ ጓዳ
ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ይፍረከረካል፣ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ግንዱ ከጎበጠ ገና ነው። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ብርጭቆ ዕቃ ክተቺና በማግስቱ እዪው። ውስጡ ላብ ካለው መልሰሽ አስጪ፣ ከሻገተ ጣይው፣ አበጥራለሁ አትበይ። ጤና አዳም ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ፣ ፈሳሹ ቆዳሽን ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል።