በትንሽ ርዕደ መሬት ጊዜ ስንጥቁ ራሱ ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦
በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተከታታይ ርዕደ መሬት በደረሰ ጊዜ፣ መተሐራ ያሉ ዘመዶቼ ትንንሾቹን አንድ አጭርና ኃይለኛ ምት አድርገው ይገልጿቸው ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆኜ የተሰማኝ ከበድ ያሉት ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ዘገም ብለው ቆይተው ያወዛውዙ ነበር። ከሥር ያለው ስንጥቅ ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው? ልዩነቱስ ከምን መጣ?

መልስ 1፦
ስንጥቁ ወዲያና ወዲህ አይመላለስም፤ በአንድ አቅጣጫ ተንሸራቶ ይቆማል። በሰበቃ ተያይዘው የቆዩት የአለት ገጾች ውጥረቱ ሲበረታባቸው፣ ከባድ ቁም ሣጥን ሲገፋ እምቢ ብሎ ቆይቶ ድንገት እንደሚንሸራተተው፣ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። መንሸራተቱ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይዛመታል። በሬክተር መለኪያ 3 በሚመዘገብ ርዕደ መሬት የሚንሸራተተው ገጽ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ስለሚሆን፣ ነገሩ ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ያበቃል፤ አለቶቹም የሚተላለፉት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። የሚሰማን ንዝረት ስንጥቁ ሲነሣና ሲቆም የሚለቀው ሞገድ ነው፤ የተንሸራተተው ገጽ ባነሰ ቁጥርም ርግብግቢቱ ይፈጥናል። ዘመዶችዎ ምት ያሉት ይህንኑ ነው።

መልስ 2፦
ርቀቱም ትልቅ ድርሻ አለው። ፈጣኑን ርግብግቢት አለቱ በመንገድ ያዳክመዋል፤ ዘገምተኛው ግን ርቆ ይጓዛል፣ ረጅም ሕንፃም በተፈጥሮው በዝግታ ስለሚወዛወዝ ይቀበለዋል። ከስንጥቁ ከሚነሡት ሁለት ዓይነት ሞገዶች ቀድሞ የሚደርሰው በሰከንድ 6፣ ተከታዩ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዙ፣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ በመካከላቸው 15 ሰከንድ ያህል ልዩነት ይፈጠራል። አዲስ አበባ መወዛወዝ ስትጀምር ፈንታሌ ያለው ስንጥቅ ቀድሞ ቆሟል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ በጥቂት በጥቂቱ መልቀቁ ትልቁን አያስቀርልንም?

መልስ 1፦
በዚህ መጽናናት አደገኛ ነው። መለኪያው በ1 ሲጨምር ጉልበቱ በ32 እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ የአንዱን 6 ጉልበት ለማውጣት በ4 የሚለኩ 1,000 ያህል ርዕደ መሬቶች ያስፈልጋሉ። በዚያ ላይ የፈንታሌን ስንጥቆች የሚገፋቸው የስምጥ ሸለቆው መለያየት ብቻ ሳይሆን ከሥር ሰርጎ የሚገባው ቅልጥ አለት ጭምር ነው፤ እርሱ መግፋቱን እስካላቆመ ድረስ ውጥረቱ ይታደሳል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የረዘመ ቅልጥ አለት መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል፤ የተመዘገቡት ርዕደ መሬቶች ግን የዚያን ሁሉ እንቅስቃሴ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነበር የሚያስረዱት።