ኤሌክትሮኒክስን በኤ ሌቭል መውሰድ ያዋጣል?

እናት ከለንደን
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ጂሲኤስኢ (እዚህ በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰደውን ፈተና) ይፈተናል። ለሲክስዝ ፎርም (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ኤ ሌቭል ለሚማሩባቸው ሁለት ዓመታት) ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኤሌክትሮኒክስ ካልወሰድኩ ብሎ ድርቅ ብሏል። አባቱ ደግሞ "ኤሌክትሮኒክስ የጥገና ሙያ ነው፣ ኬሚስትሪ ይሻልሃል" ይለዋል። በዚህ ጉዳይ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ልጁ ኢንጂነር መሆን ነው የሚፈልገው፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን ገና አለየለትም። ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል? ከፊዚክስ ጋርስ አይደጋገምም? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ምርጫ የምናስገባበት ቀን ደርሷል።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ
ሰላም እናቴ። እኔ ይህንኑ ትምህርት ወስጄ አሁን ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ነው። ከፊዚክስ ጋር የሚደጋገመው መጀመሪያ ላይ ያለው ነው፤ የኦም ሕግ (የቮልቴጅ፣ የከረንትና የሬዚስታንስ ግንኙነት)፣ የካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) አሞላል፣ እንዲህ ያሉት። ለምሳሌ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ዕቃ) እና 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲገናኙ ታይም ኮንስታንቱ (ሁለቱ ሲባዙ የሚመጣው የአሞላል ጊዜ መለኪያ) 1 ሰከንድ ነው፣ በዚያ ጊዜ ካፓሲተሩ 63 በመቶ ያህል ይሞላል። ፊዚክስ ግራፉን አስሎ ያልፈዋል። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ግን ያንኑ ሬዚስተርና ካፓሲተር ከ555 ታይመር (ጊዜ ከሚለካ ትንሽ ቺፕ) ጋር አገናኝቶ 1.1 ሰከንድ ገደማ በርቶ የሚጠፋ መብራት ይሠራበታል። ከዚያ ሎጂክ ጌት (በ0 እና 1 የሚሠራ ሰርኪዩት)፣ ኦፕ አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ)፣ ፊልተር፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ ኦፕቲካል ፋይበር እያለ ይቀጥላል።

ፈተናውን ከሚያወጡት ድርጅቶች ኤኪውኤ ድሮ ይሰጠው ነበር፣ አቁሟል፤ እኔ የተፈተንኩት የኤድዩካስን ነው። ሁለት የጽሑፍ ፈተና አለው፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ 40 በመቶ። ቀሪው 20 በመቶ በእጅ የሚሠራ ነው፤ አንዱ ማይክሮኮንትሮለርን (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) አሴምብሊ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሮግራም ማድረግ፣ ሌላው ደግሞ ተማሪው አንድ ሲስተም ራሱ ዲዛይን አድርጎ፣ ገጣጥሞ፣ ለክቶ ሪፖርት የሚጽፍበት። እኔን ሰው ያደረገኝ ይሄኛው ነው። ወረቀት ላይ ልክ የሆነ ሰርኪዩት ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚገጣጠምበት ሰሌዳ) ላይ እምቢ ሲል መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት መለኪያ) ይዞ ከባትሪው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መከታተል አለ፣ ይህን ዩኒቨርሲቲ ላብ ገብቶ መጀመር ከባድ ነው።

የሒሳብ አስተማሪ
እህቴ፣ በዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚያልፍበት ድርጅት) ነጥብ ከሌላው ኤ ሌቭል አያንስም፤ ኤ ያመጣ 48 ነጥብ ያገኛል። ግን ነጥቡ ብቻ አይበቃም። ብዙ የኢንጂነሪንግ ክፍሎች ሒሳብና ፊዚክስን በስም ይጠይቃሉ፣ ኤሌክትሮኒክስን በፊዚክስ ቦታ የሚቀበሉት አንዳንዶቹ ናቸው። ስለዚህ ልጅሽ የመረጠው ሦስቱ አብረው ከሆኑ ጥሩ ነው፣ ፊዚክስን ጥሎ ከሆነ ግን እኔ አልስማማም። ኬሚስትሪ ለሕክምና ወይም ለኬሚካል ኢንጂነሪንግ ያስፈልገዋል፣ እሱ ደግሞ ያንን አላለም። ሒሳብ ጎበዝ ከሆነ በኤሌክትሮኒክስ ፋንታ ፈርዘር ማትስን (ከሒሳብ በተጨማሪ የሚወሰድ ከፍ ያለ የሒሳብ ኤ ሌቭል) ቢያስብ እመርጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። የሚሰጡት ጥቂት ናቸው፣ ተማሪ ካነሰ ክፍሉ ሊታጠፍ ይችላል። ማን ነው የሚያስተምረው? ኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) አላቸው?

ቴክኒሺያን
ፈርዘር ማትስ ያልከው ላይ አልስማማም ወንድሜ። ሒሳቡን ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ይጨምረዋል፣ በ16 ዓመቱ የመጣ የእጅ ፍላጎት ግን ዝም ከተባለ ይጠፋል።

እህቴ፣ ባለቤትሽ "ጥገና" ያለው ነገር ከነከነኝ። እኔ መርካቶ ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ነው ሙያውን የለመድኩት፣ አሁን እዚህ የሆስፒታል መሣሪያዎች እጠግናለሁ። የታካሚ ሞኒተር ሲበላሽ ስክማቲኩን (የሰርኪዩቱን ንድፍ) አንብቦ የቱ ጋ ሲግናሉ እንደጠፋ የሚያገኝ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዲዛይን የሚያደርጉት ኢንጂነሮችም ይህንን የሚያውቁ ሲሆኑ ሥራቸው ያስታውቃል። አባቱ ይህን ይስማልኝ።

እናት ከለንደን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ፊዚክስን አይጥልም፣ ሦስቱንም ነው የሚወስደው። ትምህርት ቤቱ ሐሙስ ቀጠሮ ሰጥቶናል፣ አባቱንም ይዤው እሄዳለሁ። ክረምቱን እቤት የሚሞክረው ነገር ካለ ጻፉልኝ።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ
ብሬድቦርድ፣ 9 ቮልት ባትሪ፣ ርካሽ መልቲሜትር፣ ሬዚስተርና ጥቂት ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት) ይበቃዋል። መጀመሪያ ሬዚስተሩን በወረቀት ያስላ፤ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ የቀረውን 7 ቮልት ለ20 ሚሊ አምፒር ሲያካፍል 350 ኦም ይመጣለታል። በዚያ ቁጥር ሬዚስተር በቀላሉ ስለማይገኝ ባለ 390 ኦሙን ይግዛ። ከዚያ የሚያልፈውን ከረንት ለክቶ ካሰላው ጋር ያስተያይ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ከጀመረ ትምህርቱን ጀመረ ማለት ነው።