ማሚ ዋታ፦ ቆሌ ወይስ ዛር?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ምዕራብ አፍሪካ አፈ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ማሚ ዋታ» የምትባል የውሃ መንፈስ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ስሙ ከፒጂን እንግሊዝኛ ነው፤ «እናት ውሃ» እንደማለት። «የውሃ ቆሌ» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ «ኧረ ቆሌ አይደለችም» አለችኝ። «ማሚ» ብዬ ብተወው ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ እናቱን የሚጠራ ይመስላል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጓደኛሽ ልክ ናት። ቆሌ ጠባቂ ነው፤ የሰው ወይም የቦታ። ስንደነግጥ «ቆሌዬ ተገፈፈ» የምንለውም ለዚሁ ነው። ማሚ ዋታ ግን ሰው ትመርጣለች፤ ትይዛለች። ዋናተኛውን ይዛው ትሰምጣለች ይባላል፤ ከለቀቀችው ሀብታም ሆኖ ይመለሳል፤ በምላሹ ለእሷ ብቻ ታማኝ እንዲሆን ትፈልጋለች። ሰው ላይ ትወርዳለች፤ መስታወት፣ ማበጠሪያና ሽቶ ይቀርብላታል። ይሄ እኮ ቁርጥ የኛ ዛር ነው! ዛርም የያዘውን ሰው «ፈረሴ» ይላል፣ ያስጎራል፣ ሽቶና ጌጥ ያዛል። «የውሃ ዛር» በያት።

ችግሩ ዛር ሲባል መልክ አይታየንም። የእሷ ግን የታወቀ ነው፦ ዞማ ጸጉር፣ ሰውነቷ ላይ የተጠመጠመ እባብ። የሚገርመው፣ ይህ መልክ የተስፋፋው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃምቡርግ ከታተመ የአንዲት እባብ አጫዋች ሥዕል ነው። በ1955 ቦምቤይ ላይ እንደገና ታተመ። እምነቱ ግን ሥዕሉን ይቀድማል። የናይጄሪያ ኢግቦዎች የውሃ መንፈስን «ሙኦ ሚሪ» ይሉታል፤ «ሚሪ» ውሃ ነው።

ሌላ አባል፦ ስም ላይ ስትከራከሩ ግሡን ረሳችሁት። «ያዘችው» ከምትይ «ለከፈችው» በይ። ልጆች ሆነን በቀትር ወንዝ መውረድ ክልክል ነበር፤ «ይለክፋችኋል» ይሉናል። ማን እንደሚለክፈን ግን አይነግሩንም። ስሙን ማንሳት መጥራት ነዋ! ዳዊት የሚደግም ሰው «የቀትር ጋኔን»ን ከመዝሙር 90 ያውቀዋል። ከዚያ ቃሉ ከተማ ገባና መንገድ ላይ ሴት የሚያስቸግረው ጎረምሳ «ለካፊ» ተባለ። አንዱ ወንዝ ዳር ያደባል፣ ሌላው ታክሲ ተራ። «የኳስ ልክፍት አለበት» ስንል ደግሞ ነገሩ ለስልሶ ቀልድ ሆኗል፤ የተለከፈውም መዳን አይፈልግም።

ጠያቂዋ፦ «ለከፈችው»ን ወስጃለሁ፤ ተባረክ። መጀመሪያ ላይ አንዴ «የውሃ ዛር» ብዬ አስተዋውቃትና ከዚያ በስሟ እቀጥላለሁ። ማበጠሪያዋንም «ሚዶ» ልላት ነው። ማበጠሪያ ስላት የሴቶች ጸጉር ቤት የተቀመጠች እየመሰለችኝ ተቸግሬያለሁ።